ከአዲስ አበባ መጥቶ ፌርፋክስ ካውንቲ ሁለተኛ ደረጃ ለሚገባ ልጅ፦ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ክበቡና ስለ ኳሱ

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣን ሁለት ሳምንታችን ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ አናንዴል አካባቢ ዘመዶቻችን ቤት ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ መስከረም ላይ 17 ይሞላዋል። 9ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሷል። ዘመዶቻችን «እንግሊዝኛው እስኪስተካከል 9ኛን ይድገም» ይላሉ። ሌላ ወዳጃችን ደግሞ «የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፣ በእኔ አድራሻ የተሻለ ቦታ አስመዝግቢው» አለችኝ። ልጁ የሚያስበው ስለ እግር ኳስ ቡድን ብቻ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቱ ልጅ ምርጫው በኦገስት ነው ብሎታል። እኔ ኳሱ ትምህርቱን ያስረሳዋል ብዬ ሰግቻለሁ። ክበብ የሚባለውስ ግዴታ ነው? ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉም በፊት የሚያጣድፈው ኳሱም አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃም አይደለም። ልጅዎ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው የ9ኛ ክፍል ውጤት ነው። እርሱ በትክክል ከተመዘገበ የቀረው ይከተላል፤ ካልተመዘገበ ግን ትምህርቱም ስፖርቱም ከ12ኛ ክፍል ላይ ይጎድላል።

ዘመዶችዎ «ይድገም» ያሉት በቅን ልቦና መሆኑን አውቃለሁ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በፌርፋክስ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት 7 ትምህርት ይወስዳል። ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ያለፈው እያንዳንዱ ትምህርት 1 ክሬዲት ያስገኝለታል። በቨርጂኒያ መደበኛውን ዲፕሎማ ለማግኘት 22 ክሬዲት፣ «አድቫንስድ ስተዲስ» የሚባለውን ከፍ ያለ ዲፕሎማ ለማግኘት 26 ክሬዲት ያስፈልጋል። ልጅዎ 10ኛ ክፍል ገብቶ የአገር ቤቱ 9ኛ ክፍል ምንም ካልተቆጠረለት፣ ሦስት ዓመት በ7 ሲባዛ 21 ነው። አንድም ትምህርት ሳይወድቅ እንኳ ከመደበኛው ዲፕሎማ በ1 ይጎድለዋል፤ ያንን በክረምት ትምህርት መሙላት ሊኖርበት ነው። 9ኛ ክፍሉ በ6 ወይም በ7 ክሬዲት ከተመዘገበለት ግን 27 ወይም 28 ይደርሳል፤ የትምህርቶቹ ዓይነት እስከተሟላ ድረስ ለከፍተኛው ዲፕሎማ የሚበቃ ነው።

ስለዚህ ለምዝገባ ሲሄዱ ትራንስክሪፕቱን እንዲሁ አስረክበው አይውጡ። የእኛ አገር ትራንስክሪፕት እዚህ ያለውን ሠራተኛ በሁለት ነገር ያደናግረዋል። አንደኛው ዓመተ ምህረቱ ነው። «2017» የሚል ካየ የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ የተሠራ ትምህርት ይመስለዋል። ያ ዓመት እዚህ አገር ከሴፕቴምበር 2024 እስከ ጁላይ 2025 ያለው ጊዜ መሆኑን በተተረጎመው ቅጂ ላይ በግልጽ ያጽፉ። የልደት ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ አንድ ቀን መናገራቸውን ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ወደ ስፖርቱ ስንደርስ አንዲት የልደት ቀን ምን እንደምታደርግ ያያሉ።

ሁለተኛው የትምህርቶቹ ስም ነው። በእኛ ትራንስክሪፕት ላይ «ሒሳብ» የሚል አንድ መስመር አለ። እዚህ ግን ሒሳብ ተቆራርጦ ነው የሚሰጠው፤ አንዱን ዓመት አልጀብራ 1፣ ቀጥሎ ጂኦሜትሪ፣ ቀጥሎ አልጀብራ 2፣ ከዚያ ቅድመ ካልኩለስ፣ በመጨረሻ ካልኩለስ። የኢትዮጵያ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ እኩልታ መፍታትም፣ የትሪጎኖሜትሪ መግቢያም፣ የቅርጾች ተመሳስሎሽም፣ ስታቲስቲክስም አለ። መዝጋቢው ግን ያንን አያውቅም፤ ጥንቃቄ መስሎት ልጁን አልጀብራ 1 ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መጀመር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ10ኛ ክፍል አልጀብራ 1 የጀመረ ልጅ በተለመደው አካሄድ 12ኛን የሚጨርሰው አልጀብራ 2 ላይ ነው። ጂኦሜትሪ ላይ የጀመረ ቅድመ ካልኩለስ ይደርሳል። ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን በአንድ ዓመት አጣምሮ የወሰደ፣ ወይም ጂኦሜትሪን በክረምት የጨረሰ፣ ካልኩለስ ወስዶ ይወጣል። ልጁ ምሕንድስና ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የማጥናት ሐሳብ ካለው ይህ ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ስም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «የሒሳብ መመደቢያ ፈተና ይሰጠው» ብለው ይጠይቁ። የትምህርት ሚኒስቴርን የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ማውጫ ገጽ አትመው ይውሰዱ፤ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማካሪው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንብቦ ይረዳዋል። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂውንም ማውጫ ይጨምሩበት። እዚህ አንድ ሳይንስ በአንድ ዓመት ተጠናቅቆ ነው የሚያልፈው፤ እኛ ሦስቱንም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ስለምንማር አቻውን ለመወሰን ማስረጃ ይፈልጋሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሞላ የምዝገባ ወረቀት በ12ኛ ክፍል ይፈታል።

ስለ እንግሊዝኛው ደግሞ። ሲያስመዘግቡ በቤት የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጥዎታል። አንዳንድ ወገኖቻችን ልጁ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ከተዘጋጀው ክፍል እንዳይገባ ብለው «እንግሊዝኛ» ብለው ይሞላሉ። ይህን እንዳያደርጉ። «አማርኛ» ብለው ይሙሉ፤ ከዚያ ልጁ የመለኪያ ፈተና ይወስድና እንደ ደረጃው የቋንቋ ድጋፍ ያገኛል። ድጋፉ በችሮታ የሚሰጥ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በሰጠው ውሳኔ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ልጆች በእኩል የመማር ዕድል የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች እንግሊዝኛቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጠባይ አለው፤ ማንበቡና ሰዋስዉ ደህና ነው፣ አስተማሪው በፍጥነት ሲናገር መስማትና መልስ መስጠቱ ይከብዳቸዋል። ይህን የመሰለ ልጅ በቋንቋ ድጋፍ ክፍል ሳለም ጠንካራ ሒሳብ መውሰድ ይችላል። የቋንቋ ድጋፍ መውሰዱ ብቻውን ከፍ ያለ ደረጃ ካላቸው ትምህርቶች ሊያስቀረው አይገባም፤ «መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይጨርስ» ከተባሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት በትሕትና ይጠይቁ።

ወደ አድራሻው ጉዳይ ልምጣ። ወዳጅዎ ያሉትን እንዳይሞክሩት። በማይኖሩበት አድራሻ ማስመዝገብ የሐሰት ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ ሲታወቅ ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ሊባረር ይችላል፣ ለተማረበት ጊዜም ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ። እናንተ የምትኖሩት ዘመድ ቤት ስለሆነ የኪራይ ውል በስማችሁ ላይኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የቤቱ ባለቤትና እርስዎ በመሐላ የምትፈርሙት ቅጽ አለ፤ እርሱን ይጠይቁ።

ደግሞስ ያ «ደረጃ» ከምን የተሠራ ነው? ድረ ገጾቹ የሚያወጡት ቁጥር በአብዛኛው የተማሪዎችን የፈተና ውጤት የተከተለ ነው። የፈተና ውጤት ደግሞ ከቤተሰብ ገቢና ልጆቹ አገሩ ውስጥ ከቆዩበት ጊዜ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ከግማሽ በላይ ተማሪው ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገርበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ዝቅ ቢል መምህራኑ ደካማ ናቸው ማለት አይደለም። እኔ ለረጅም ጊዜ የታዘብኩት ይህንን ነው፦ በአንድ ጣሪያ ሥር የተለያየ ትምህርት የሚማሩ ልጆች አሉ። አንዱ በ12ኛ ክፍል የኮሌጅ ደረጃ ሒሳብ፣ ባዮሎጂና ታሪክ ይወስዳል፤ በዚያው ኮሪደር የሚያልፈው ጓደኛው ባለፈው ፌብሩዋሪ የትምህርት መምረጫ ወረቀቱን ሳያነብ ስለፈረመ ቀላል ቀላሉን ወስዶ ይወጣል። ሁለቱም የአንድ ትምህርት ቤት ምሩቅ ናቸው።

በፌርፋክስ የኮሌጅ ደረጃ ያለው ትምህርት በዋናነት በሁለት መልክ ይሰጣል። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ኤፒ የሚባለውን ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ራሱን ችሎ ይወሰዳል፣ በሜይ ወር ፈተና አለው፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፣ ጥሩ ውጤት በብዙ ዩኒቨርሲቲ ይቆጠራል። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ በእናንተ አካባቢ አናንዴል፣ ጀስቲስና ኤዲሰን፣ አይቢ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም የሚሰጥባቸው ናቸው። ሙሉውን የአይቢ ዲፕሎማ የሚፈልግ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ስድስት ትምህርት ይወስዳል፣ ረጅም የምርምር ጽሑፍ ይጽፋል፣ ከክፍል ውጭም የፈጠራ፣ የስፖርትና የአገልግሎት ሥራ ይሠራል። ሙሉውን ሳይወስዱ አንድ ሁለት ትምህርት ብቻ መምረጥም ይቻላል። አይቢ ጽሑፍ ይበዛዋል፤ እንግሊዝኛው ገና ለሆነ ልጅ ከአይቢ ሒሳብ ወይም ሳይንስ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። በኤፒና በአይቢ ትምህርት የተገኘ ውጤት አማካዩ ሲሰላ 1 ነጥብ ይጨመርበታል፤ «ኦነርስ» የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ደግሞ ግማሽ ነጥብ። በእጅ ሙያ መሥራት የሚወድ ከሆነም በካውንቲው ውስጥ የሙያ አካዳሚዎች አሉ፤ የመኪና ጥገና፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የጤና ሙያ የሚማሩባቸው። ልጆች ግማሹን ቀን እዚያ ተምረው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ወላጆቻችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨልማል፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚከፈለው ቤት ሲገዙ ይደርሱበታል።

ከመቀጠሌ በፊት ጥቂት ሐበሻ ቤተሰብ ብቻ የሚጠቀምበትን ነገር ልንገርዎት። ለከፍተኛው ዲፕሎማ ሦስት የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ያስፈልጋል። ልጅዎ ስፓኒሽ ከዜሮ መጀመር ላይኖርበት ይችላል። ፌርፋክስ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚሰጠው የቋንቋ ክሬዲት ፈተና አለ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ፈተናው በጽሑፍ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ይናገራሉ እንጂ ፊደሉን አይጽፉም። የእርስዎ ልጅ ግን እስከ 9ኛ ክፍል በአማርኛ ሲጽፍ የኖረ ነው። ፈተናውን ካለፈ በፕሮግራሙ ላይ ለሒሳብ ወይም ለሳይንስ የሚሆን ቦታ ይከፈትለታል። ምዝገባው ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ አማካሪውን በሴፕቴምበር ይጠይቁት፤ እስከዚያው ልጁ በሳምንት አንድ ገጽ አማርኛ ቢጽፍ አይጎዳም።

አሁን ወደ ኳሱ። መጀመሪያ የአጎቱን ልጅ ላርመው፤ እርሱም ትክክል ነው፣ ነገር ግን ለራሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፤ በሜሪላንድ የሁለተኛ ደረጃ እግር ኳስ የሚጀመረው በኦገስት ነው። በቨርጂኒያ ግን እግር ኳስ የሚጫወቱት ከማርች ጀምሮ ነው፤ የመምረጫ ልምምዱ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይደረጋል። በኦገስት እዚህ «ፉትቦል» ተብሎ ማስታወቂያ ቢያይ የራስ ቁር የሚደፉበት የአሜሪካ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከአሁን እስከ ፌብሩዋሪ ሰባት ወር ገደማ አለው። ይህ ደግሞ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው።

እውነቱን ልንገርዎት፤ በእናንተ አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች ዋናው የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ መግባት ቀላል አይደለም። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከሆንዱራስ፣ ከጋና፣ ከእኛም አገር የመጡ ልጆች ኳስ ይዘው ያደጉ ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ወላጆቻቸው በዓመት ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት የግል ክለብ ውስጥ ይጫወታሉ። ምርጫው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ አሰልጣኙ የማያውቀውን ልጅ በሦስት ቀን ውስጥ ለማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ቡድኑም ሁለት ነው፤ ቫርሲቲ የሚባለው ዋናውና ጁኒየር ቫርሲቲ የሚባለው ተተኪው። አዲስ ልጅ ተተኪው ውስጥ ቢመደብ ዕድለኛ ነው፤ እንደ ውርደት እንዳያየው አስቀድመው ይንገሩት።

ስለዚህ የእኔ ምክር በኦገስት አገር አቋራጭ ሩጫ ይጀምር ነው። የአገር አቋራጭ ቡድን እንደ ኳሱ ሰው አያባርርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጣ ሁሉ ይሮጣል። ውድድሩ 5 ኪሎ ሜትር ነው። በዋናው ውድድር ከአንድ ትምህርት ቤት ሰባት ይሮጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ተራ ቁጥር ይደመራል፣ ዝቅተኛ ድምር ያለው ያሸንፋል። አምስተኛው ልጅ ከ60ኛ ወደ 50ኛ ቢሻሻል ቡድኑን አሸናፊ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው፤ በዚህ ምክንያት ከፊት ያሉት ከኋላ ያሉትን ሲጠብቁና ሲያበረታቱ ያያሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቡርክ ሌክ ፓርክ ሄደው ቢመለከቱ ይወዱታል። በኖቬምበር የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ይቀጥላል። በፌብሩዋሪ ኳስ ሜዳ ሲወርድ ሳንባው የተዘጋጀ፣ የስፖርት ኃላፊው ስሙን የሚያውቀው፣ ከሁሉም በላይ ለስድስት ወር በእንግሊዝኛ ሲስቅና ሲከራከር የከረመ ልጅ ይሆናል። መስማት የሚከብደው ልጅ ከክፍል ይልቅ በልምምድ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ በፍጥነት ጆሮው ሲከፈት አይቻለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አሰልጣኞቹ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። አዲስ አበባ በታክሲ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ያደገ ልጅ የኃይሌ ወንድም አይደለም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማደጉ ሊረዳው ይችላል፣ የቨርጂኒያ የኦገስት ሙቀትና ወበቅ ግን አዲስ ነገር ነው። በቀስታ ይጀምር። የምትጾሙ ከሆነም ጾመ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፤ ልምምዱ ከሚጠነክርበት ሳምንት ጋር አንድ ላይ ነው። የእግር ኳሱ ወቅት ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ውሃ ሳይጠጡ መዋል ከዚህ ልምምድ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ አሰልጣኙም ይወቅ። ሳይናገር ቀርቶ ሜዳ ላይ የሚወድቅ ልጅ በየዓመቱ አለ። ረመዳን ለሚጾሙትም ያው ነው።

ኳሱ ትምህርቱን ያስረሳዋል ብለው መስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደንቡ በራሱ ይጠብቅልዎታል። በቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ ስፖርት የሚመራው ቨርጂኒያ ሃይ ስኩል ሊግ በሚባል ማኅበር ነው። በእርሱ ደንብ መሠረት ተጫዋች የሚሆነው ተማሪ ባለፈው ዓመት ቢያንስ አምስት ትምህርት ያለፈ፣ አሁንም ቢያንስ አምስት ትምህርት የሚወስድ መሆን አለበት። አዲስ የመጣ ልጅ አምስቱን ማለፉ የሚታየው በምንድን ነው? በዚያው በአዲስ አበባው ትራንስክሪፕት ነው። ውጤቱን በየሳምንቱ ለማየት ደግሞ ፓረንትቪው በሚባለው የወላጆች ገጽ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጥዎታል። ያልተሠራ የቤት ሥራ እንኳ እዚያ ላይ ይታያል። ልጁ ሁለት ትምህርት ላይ ሲንሸራተት ካዩ ለአሰልጣኙ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። እናት አሥር ቀን ከምትቆጣ አሰልጣኝ አንዴ «ሒሳብህን አስተካክለህ ና» ቢለው ይሰማል።

አሁን ስለ «ይድገም» የቀረውን ልጨርስ። በዚያው ደንብ ኦገስት 1 ላይ ወይም ከዚያ በፊት 19 ዓመት የሞላው ተማሪ በዚያ ዓመት መጫወት አይችልም። ልጅዎ ዘንድሮ 10ኛ ከገባ 12ኛ ክፍል በሚጀምርበት ኦገስት 18 ነው፤ ይጫወታል። 9ኛን ከደገመ ግን 12ኛ ላይ ኦገስት 1 ሲደርስ 19 ሆኖታል፤ የመጨረሻ ዓመቱን ከወንበር ላይ ያያል። ሌላም አለ፤ ተማሪ 9ኛ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ከገባበት ጀምሮ የሚጫወትበት ጊዜ ስምንት ተከታታይ መንፈቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የተማረው 9ኛ ክፍል ሁለቱን ወስዷል። የልደት ቀኑን በሁለቱ የዘመን አቆጣጠር መካከል የሚያዛባ ስህተትም እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ለስፖርት ብቻ ብለው ክፍል ይምረጡ አልልም፤ ልጁ በእውነት 9ኛን መድገም የሚያስፈልገው ቢሆን ይደግም ባልኩ ነበር። ለእንግሊዝኛው ግን ድጋፉን 10ኛ ክፍል ሆኖም ያገኘዋል።

ወደፊት ቤት ስትከራዩ የምታስቡበትም ነገር አለ። ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ክልል ቢዛወር ልጁ እዚያ መጫወቱን ይቀጥላል። ቤት ሳይቀየር ትምህርት ቤት ብቻ ከተቀየረ ግን ለ365 ቀን ከውድድር ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ በቋሚነት የምትኖሩበትን አካባቢ ቶሎ መወሰን ከቻላችሁ መልካም ነው።

ስኮላርሺፕ የሚለውን ተስፋ ልጁ ካነሳ በሚዛኑ ያስይዙት። በኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ያሉት ኮሌጆች በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጡም። አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ ደግሞ 16 ዋና ዋና የአካዳሚክ ትምህርቶችን ይጠይቃሉ፤ ዝቅተኛው የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ብዙ ጊዜ በእነዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

ክበብ ግዴታ አይደለም። የምዝገባ ገንዘብም አብዛኞቹ አይጠይቁም። በሴፕቴምበር ሁሉም ክበቦች ጠረጴዛ ዘርግተው ተማሪ የሚጋብዙበት ቀን አለ፤ የሮቦት ሥራ፣ ክርክር፣ ቲያትር፣ የተባበሩት መንግሥታት አምሳያ ስብሰባ፣ በብዙ ትምህርት ቤት የሐበሻ ተማሪዎች ክበብም ይገኛል። የሐበሻው ክበብ ደስ ይላል፣ ይግባ፤ ብቸኛው ክበቡ ግን አይሁን፤ እዚያ ሲገባ አማርኛ ነው የሚያወራው። መናገር የሚያፍር ከሆነ የቲያትር መብራትና መድረክ የሚያዘጋጀው ቡድን ለአዲስ መጤ ተስማሚ ነው፤ በእጅ እየሠሩ ቀስ በቀስ ማውራት የሚጀመርበት ነው። ባንድና መዘምራን ግን ክበብ ሳይሆኑ ክሬዲት ያላቸው ትምህርቶች ናቸው፤ ከሰባቱ አንዱን ቦታ ይይዛሉ።

ክበብ በብዛት መሰብሰብ ኮሌጅ ያስገባል የሚለው ወሬ ብዙ ልጅ አድክሟል። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ለአሥር እንቅስቃሴ ቦታ አለው፤ አሥሩን ሙሉ ተብሎ ግን አልተጻፈም። በሁለት ነገር ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ከአሥር ቦታ ስሙን ካስመዘገበው ይሻላል። ደግሞ ልጆቻችን የሚተዉት ነገር አለ፦ ቅዳሜና እሑድ ግሮሰሪ ውስጥ የሚሠሩትን፣ ታናናሾቻቸውን ከትምህርት ቤት የሚያመጡትን፣ ለወላጆቻቸው ሐኪም ቤት የሚያስተረጉሙትን። ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት በማመልከቻው ላይ ራሳቸውን የቻሉ ምድቦች ናቸው። «ምንም አልሠራሁም» የሚሉኝ ልጆች ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሠሩት ናቸው።

ትምህርቱ የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልምምድ እስከ 11 ወይም 12 ሰዓት ይቆያል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ዘግይቶ የሚወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አለ፤ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ይጠይቁ፣ በቀሩት ቀናት ማን እንደሚያመጣው አስቀድመው ይወስኑ። ልምምድ ከሚያቋርጡት አዲስ መጤዎች ብዙዎቹ ያቋረጡት ኳስ አቅቷቸው ሳይሆን የሚያመጣቸው ሰው ጠፍቶ ነው።

ለምዝገባው ፓስፖርቱን፣ የአድራሻውን ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕቱን ከነትርጉሙና የክትባት ካርዱን ይዘው ይሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ይጠየቃል። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ነፃ ነው፣ መብትዎም ነው፣ ልጁን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አያድርጉት። ለስፖርቱ ደግሞ ሐኪም የሚሞላው የሊጉ የጤና ምርመራ ቅጽ አለ፤ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ መለማመድ አይፈቀድም፣ አገር አቋራጩም በኦገስት መጀመሪያ ነው የሚነሣው። ቅጹን ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ገጽ ላይ አሁኑኑ ያትሙትና ለክትባቱ ሐኪም ዘንድ ሲወስዱት አብረው ያቅርቡት፤ ሁለቱም በአንድ ቀጠሮ ያልቃሉ።